በበጋ በዓል ከዋጃ ወደ አዲስ አበባ፤ ስለ ከተማ ጉብኝትና በሌሊት ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት



መንገድ መሄድ ለሰው ትምህርት እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሄዶ መመለስ ብቻውን ትምህርት አይባልም፤ የቈሎ ስልቻም ከተጓዡ ጋራ ሄዶ ይመለሳልና። መንገድ ትምህርት የሚሆነው ያዩትን ለይቶ ማየት፥ ያዩትንም በቤት ለቀሩት ማካፈል ሲቻል ነው። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፥ የበጋው በዓል ሲደርስ ከቈላው ራያ ወደ አዲስ አበባ ለሚወጡ ቤተ ሰቦች ሦስት ነገር ልንጽፍ አሰብን። ይኸውም በከተማው ምን ማየት እንደሚጠቅም፥ በሌሊት ፎቶግራፍ እንዴት እንደሚነሣ፥ ከተነሣም በኋላ ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚገባው ነው።

ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል፥ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ ሰሜን በሚሄደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የቈላ ከተማ ናት። ነዋሪዋ የጭነት መኪናዎች መብራት በሌሊት ሲያልፍ ዘወትር ያያል፤ መኪናዎቹ የተነሡበትን ትልቅ ከተማ ግን በዓይኑ ያላየ ሽማግሌና ሕፃን ብዙ ነው። እንግዲህ ከአንድ ቤት አራት ወይም አምስት ሰው ለበዓል ሲሄድ፥ የሚሄደው ስለ ራሱ ብቻ አይደለም፤ በቤት ስለ ቀሩትም ዓይን ሆኖ ይሄዳል። የዚህ ጽሕፈት ምክንያትም ይኸው ነው።

ስለ ጊዜው

በራያ ሜዳ ማሽላው ታጭዶና ተወቅቶ ወደ ጎተራ ከገባ በኋላ ለገበሬው ጥቂት ዕረፍት ይገኛል። በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉትም ብዙዎች የዓመት ፈቃዳቸውን በዚሁ ወራት መውሰድ ይወዳሉ። ታኅሣሥ 29 ቀን ልደት፥ ጥር 11 ቀን ደግሞ ጥምቀት ነውና በሁለቱ መካከል ያለው 12 ቀን ለጉዞ የተመቸ ነው። ሁለቱንም በዓል በከተማው ማክበር የማይቻለው ሰው እንኳ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሦስት ወይም አራት ቀን ቢቀመጥ በቂ ነው።

የበጋው ወራት ለፎቶግራፍም የተሻለ ነው። ዝናቡ አልፎ ሰማዩ ይጠራል፤ ጉምና ጭቃ አያስቸግርም። ነገር ግን የቈላ ሰው አንድ ነገር እንዳይረሳ እንመክራለን። የቆቦ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ያህል ሲሆን፥ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀን በፀሐይ የተታለለ ሰው ማታ ይንቀጠቀጣል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥም ሰው ፎቶግራፍ ለማንሣት አይችልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ መያዝ የመጀመሪያው የፎቶግራፍ ትምህርት ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ስለ መንገዱ

ከዋጃ እስከ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎሜትር የሚበልጥ መንገድ ስለ ሆነ፥ ሽማግሌና ሕፃን ያለበት ቤተ ሰብ በአንድ ቀን ልጨርሰው ብሎ መቸኰል አይገባውም። አስቀድሞ መንገዱ ደኅና መሆኑን ከሚያውቁት መጠየቅ፥ በቀን ብቻ መጓዝ፥ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ማደር መልካም ነው። በቀን የሚሄድ ሰው ከከተማው በፊት ብዙ የሚማርበት ያገኛል። ከወልድያ ወዲህ ሲመጣ ውጫሌን ያልፋል፤ በ1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋራ የተደረገውና በኋላ ለአድዋ ጦርነት ምክንያት የሆነው ውል በስሟ የሚጠራው የዚችው የውጫሌ ነው። ቀጥሎ የሐይቅን ባሕርና ጥንታዊውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ለልጆቹ ማሳየት ይችላል። ከደብረ ሲና በላይም መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፥ በወረራው ዘመን በተቈፈረው በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ያልፋል። አባት ይህን ሁሉ በመስኮት እያሳየ ቢነግር፥ ልጆቹ ወደ አዲስ አበባ ሲገቡ ባዶ ዓይን ይዘው አይገቡም።

በከተማው በቀን ስለሚታየው

በከተማ አንድ ቀን ውስጥ ሁሉን ልይ የሚል ሰው ምንም ሳያይ ይመለሳል። እኛ ጉብኝቱን በሦስት ቀን ከፍለን እናቀርባለን።

በመጀመሪያው ቀን አራዳን ማየት ነው። የገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ለአድዋ ድል መታሰቢያ የታነጸ ነው፤ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ነው። ከፊት ለፊቱ በፈረስ ላይ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ከዚሁ የዘውድ በዓል አንድ ቀን አስቀድሞ ተመረቀ። በወረራው ጊዜ ጠላት ነቅሎ ጥሎት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ግን ወደ ቦታው ተመለሰ። በአጠገቡም የካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ይገኛል። የራያና የወሎ አባቶች በአድዋ ዘመቻ የዋሉበትን ታሪክ የሚያውቅ ሽማግሌ ከቤተ ሰቡ ጋራ ካለ፥ በዚህ ስፍራ ቀድሞ ይናገር፤ ልጆቹም ከሥዕሉ በፊት የእርሱን ቃል ይስሙ።

በሁለተኛው ቀን አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ይታያሉ። በአራት ኪሎ የቆመው ሐውልት የሚያዝያ 27 ቀን መታሰቢያ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር ወደ አዲስ አበባ ገባ፤ ልክ በአምስት ዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማቸው ተመለሱ። ከዚያ ወደ ላይ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ለራያ ሰው ጎረቤት በሆነው በአፋር ምድር ኅዳር 1967 ዓ.ም. የተገኘችውን፥ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚሆነውን ድንቅነሽን በዚህ ያገኟታል። ለሕዝብ የሚታየው አምሳያዋ መሆኑን፥ እውነተኛው ዐፅም ግን በጥንቃቄ ተዘግቶ የሚጠበቅ መሆኑን ለልጆች መንገር ይገባል። በስድስት ኪሎ አደባባይ ያለው ሐውልት ደግሞ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግፍ ላለቁት የአዲስ አበባ ሰዎች መታሰቢያ ነው። በዚህ ስፍራ እየሣቁና እየተቃቀፉ ፎቶግራፍ መነሣት ነውር እንደ ሆነ ለወጣቶቻችን ማሳሰብ እንወዳለን።

በሦስተኛው ቀን ለገሃርንና መስቀል አደባባይን ማየት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከጣቢያው ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በወረራው ጊዜ ወደ ሮም ተወስዶ ኖሮ በኋላ የተመለሰ ነው። ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ፥ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት፥ ከታደሰም በኋላ በ2017 ዓ.ም. እንደ ገና የተከፈተ ቤት ነው። የእጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል በዚያ ይገኛል። ፈቃድ አግኝቶ ለማየት የቻለ ሰው ከዚህ ሥዕል ትልቅ ትምህርት ይቀስማል፤ ይኸውም ቀለም ሁሉ ከብርሃን የሚወለድ መሆኑን ነው። ፀሐይ በስተኋላው ስትሆን መስተዋቱ ይናገራል፤ ብርሃኑ ሲጠፋ ዝም ይላል። ፎቶግራፍም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስለ ምሽቱ ብርሃን

በአገራችን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይመጣል። በአዲስ አበባ በልደትና በጥምቀት ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ በኋላ ጥቂት ቈይታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የሚቈየው 20 ደቂቃ ወይም ጥቂት ቢበልጥ ነው። የመንገዱ መብራት በርቶ ሰማዩም ገና ያልጠቈረበት ይህ አጭር ጊዜ ለፎቶግራፍ ከሁሉ የሚሻለው ነው። ሰማዩ ፈጽሞ ከጠቈረ በኋላ የሚነሣ ሥዕል ግን መብራቱን ነጭ ነጥብ፥ የቀረውንም ጥላሸት ያደርገዋል። ስለዚህ የሚነሣውን ስፍራ በቀን አይቶ መምረጥ፥ 12 ሰዓት ሳይሞላ በቦታው መገኘት ያስፈልጋል።

ከተማውን ከላይ ለማየት የሚወድ ሰው ወደ እንጦጦ ይውጣ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት የእንጦጦ ማርያም በዚያ ነው። ከተራራው ሆኖ መብራቱ ተራ በተራ ሲበራ ማየት የቈላ ልጅ የማይረሳው ነገር ነው። በከተማው ውስጥም በ2013 ዓ.ም. የታደሰው መስቀል አደባባይ፥ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውና ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ፥ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግር መንገዶች በሌሊት ያማሩ ናቸው። ነገር ግን ቤተ መንግሥትንና ወታደር የሚጠብቀውን ስፍራ ሁሉ ሳይጠይቁ ማንሣት አይገባም። ዘበኛው አይሆንም ካለ አመስግኖ ማለፍ የጨዋ ልጅ ምልክት ነው።

ስለ ፎቶግራፉ ሥራ

ብዙ ሰው መልካም ፎቶግራፍ የሚገኘው ከውድ ካሜራ ይመስለዋል። አባቶቻችን ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋል። ዛሬ በየሰዉ ኪስ ያለው ስልክ የሚከተሉት ምክሮች ከተጠበቁለት ብዙ ሥራ ይሠራል።

1ኛ፤ በጨለማ ካሜራው ብርሃን የሚለቅመው ቀስ ብሎ ነው። በቀን የአንድ ሴኮንድ መቶኛ የሚበቃው ሥራ በሌሊት ሁለት፥ አራት ወይም ስምንት ሙሉ ሴኮንድ ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ካሜራው ጥቂት ቢነቃነቅ ሥዕሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ትራይፖድ በሚባለው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ማቆም፥ እርሱ ከሌለ በድንጋይ ወይም በአጥር ግንብ ላይ አስደግፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። መጫኛውን በጣት ሲነኩትም ይነቃነቃልና፥ በስልኩና በካሜራው ያለውን የሁለት ሴኮንድ መዘግያ መጠቀም ይሻላል።

2ኛ፤ ፍላሽ የሚባለው የካሜራው መብራት የሚደርሰው ከጥቂት ሜትር አይበልጥም። በእርሱ አደባባይን ለማብራት መሞከር በክብሪት ተራራን ለማሞቅ እንደ መሞከር ነው። ከዚህም በላይ የሰውን ፊት ያነጣዋል፥ ጸሎት ላይ ያለውንም ያውካል። በሌሊት ያጥፉት።

3ኛ፤ አይ ኤስ ኦ የሚባለው ቍጥር የካሜራው ዓይን ብርሃን የሚሰማበት መጠን ነው። ካሜራው በማቆሚያ ላይ ከሆነና የሚነሣው ሕንፃ ከሆነ፥ ቍጥሩን ወደ 100 ዝቅ አድርጎ ጊዜውን ማርዘም ነው፤ ሥዕሉ ጥሩ ሆኖ ይወጣል። የሚነሣው የሚንቀሳቀስ ሰው ከሆነ ግን ጊዜው ከሴኮንድ ስድሳኛ እንዳይረዝም፥ ቍጥሩን ወደ 1,600 ወይም ወደ 3,200 ከፍ ማድረግ ግድ ነው። ያን ጊዜ በሥዕሉ ላይ እንደ አሸዋ ያለ ነገር ይታያል፤ ነገር ግን አሸዋ ያለበት ፊት ከጠፋ ፊት ይሻላል።

4ኛ፤ ሰውን በሌሊት ለማንሣት የሚወድ፥ ሰውየውን ወደ ብርሃን ያቅርበው። የሱቅ መስኮት፥ የመንገድ መብራት፥ ጧፍ፥ ሁሉም ይበቃል። ብርሃኑ በስተጀርባው ሳይሆን በፊቱ ላይ ይሁን። ለጥቂት ጊዜም ሳይነቃነቅ እንዲቆም ይለምነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩትን አርመናዊውን ቤድሮስ ቦያጂያንን የመሳሰሉት የጥንት ባለሙያዎች በሠሩበት ጊዜ፥ የሚነሣው ሰው መቆም ግዴታው ነበር። የዚያን ዘመን መኳንንትና ወይዛዝርት በሥዕላቸው ላይ ያላቸው እርጋታ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው።

5ኛ፤ ከማንሣት በፊት የካሜራውን መስተዋት በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። በጣት ቅባት የቆሸሸ መስተዋት እያንዳንዱን መብራት ጢም ያበቅልበታል።

ሰውን ስለ ማንሣትና ስለ መተው

አሁን ከእጅ ሥራው ወደ ዋናው ነገር እንለፍ። አንድ የምናውቀው የዋጃ ቤተ ሰብ ለጥምቀት አዲስ አበባ ሄዶ ስድስት ቀን ቈየ። የቤቱ የበኵር ልጅ በሌሊት እየዞረ ከ400 በላይ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ሕንፃውን፥ ድልድዩን፥ የመኪናውን መብራት ክር አስመስሎ፥ ሁሉንም በጥሩ ሙያ ሠራው። ወደ ዋጃ በተመለሱ ጊዜም እግራቸው ደክሞ በቤት የቀሩትን አያቱን አጠገብ ተቀምጦ አንድ በአንድ አሳያቸው። እርሳቸውም በትዕግሥት አዩና፥ «ልጄ፥ ከተማው እጅግ ያማረ ነው። ነገር ግን የሄዳችሁት እናንተ ናችሁ ወይስ መብራቱ ነው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ የሚመልሰው አጣ።

በኋላ ግን እናቱ በስልኳ ያነሣችውን አንድ ሥዕል አወጣች። በከተራ ሌሊት በጃን ሜዳ የተነሣ ነው፤ ጥቂት የደበዘዘ፥ ከዳርም የሌላ ሰው ነጠላ የገባበት ነው። በመካከሉ ግን በጧፍ ብርሃን የሴት ልጃቸው ፊት ይታያል። ይህች ልጅ አዲስ አበባ በሥራ ላይ ያለች ናት፤ ከጦርነቱ ወራት ወዲህ ወደ ዋጃ አልመጣችም ነበር። አሮጊቲቱ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም «ከስታለች» አሉ። ወዲያውም ሥዕሉ በወረቀት ታትሞ በራስጌያቸው እንዲሰቀል አዘዙ። ከ400ው ሁሉ በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ የቀረው ይህ አንዱ ነው።

እኛ ይህን የምንጽፈው ልጁን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሙያው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የሕንፃውን ሥዕል ማንም ሊያነሣው ይችላል፤ የአክስትን ፊት በዚያ ሌሊት ለአያት ሊያመጣላቸው የሚችለው ግን የቤቱ ሰው ብቻ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንደ ተባለ፥ የከተማ መብራትም የራሳችን ሰው ከሌለበት የሰው ወርቅ ነው። ስለዚህ ሦስት የከተማ ሥዕል ያነሣ ሰው፥ አራተኛውን ዘመድ ያለበት ቢያደርገው መልካም ሕግ ይመስለናል።

ደግሞም መተው የሚገባው ሥዕል አለ። ይኸው ልጅ በአንድ ሌሊት፥ በሚያበራ ግንብ ሥር በካርቶን ላይ ተኝቶ የነበረ ሰው አገኘና አነሣው፤ ብርሃኑና ጥላው የተስማማ ሥዕል ነበረ። አባቱም ባየው ጊዜ፥ «አንተ መጠጊያ አጥተህ በመንገድ ብትተኛ፥ እንግዳ መጥቶ ቢያነሣህ ትወዳለህን?» አለው። ልጁም ሥዕሉን አጠፋው። እኛ አባቱ በትክክል ፈረደ እንላለን። የነቃ ሰው እንቢ ማለት ይችላል፤ የተኛ ግን አይችልም። እንቢ ለማለት የማይችለውን ሰው ፊት መውሰድ ባለቤቱ ከሌለ ቤት ዕቃ እንደ ማንሣት ይቈጠራል። ድኻን ለመርዳት የሚወድ ሰው እጁን ወደ ኪሱ ይስደድ እንጂ ወደ ካሜራው አይቸኵል።

በከተራ ሌሊትም ይህ ጥንቃቄ ይጠበቅ። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ወርደው ያድራሉ፤ ሕዝቡም በዝማሬና በጸሎት ያነጋል። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከገባ ወዲህ፥ በየዓመቱ ካሜራ የያዘው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በዓሉ ለሥዕል የተሠራ ትርኢት አይደለም። ካህናቱን በመግፋት፥ ታቦት ሲያልፍ ጀርባ በመስጠት፥ በጸሎት ላይ ያለችን እናት ፊት ለፊት ቆሞ በማንሣት የሚገኝ ሥዕል በረከት የለውም። በዘመድ በኩል መልካሙ ሥርዓት አስቀድሞ ከእነርሱ ጋራ ጸልዮ፥ ኋላ አስፈቅዶ ማንሣት ነው። እስላም ወንድሞቻችን በሚሰግዱበት በታላቁ አንዋር መስጊድና በሌላውም ስፍራ ይኸው ሥርዓት ይጠበቅ። በዋጃና በቆቦ ሁለቱ ሃይማኖት በአንድ መንደር የሚኖር ነውና፥ የራያ ሰው ይህን ለመማር ወደ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ሥዕሉን ስለ መጠበቅ

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ራያና ወደ ሰሜን ወሎ በደረሰ ጊዜ፥ መብራትና ስልክ ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። ቤቱን ጥሎ የሚሸሽ ሰው ልጁንና ጥቂት እህል ይይዛል እንጂ ከግድግዳው ሥዕል ለማውረድ ጊዜ አያገኝም። የሞተ አባቱን ፊት የሚያይበት አንድ ሥዕል ብቻ የነበረው ሰው፥ እርሱን ሲያጣ ሁለተኛ ኀዘን ይሆንበታል። ስለዚህ የሚከተለውን አጥብቀን እንመክራለን።

ከጉዞው ከተመለሱ በኋላ ከብዙው ሥዕል አሥር ወይም ሃያ መርጦ በወረቀት ማሳተም። በጀርባው የሰዎቹን ስም፥ ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ መጻፍ፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስም የሌለው ሥዕል የማንም አይደለምና። ከዚያም አንዱን ቅጂ በራስ ቤት፥ ሌላውን በሩቅ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት ማስቀመጥ። በስልክ ብቻ የተቀመጠ ሥዕል ስልኩ በጠፋበት ቀን አብሮ ይጠፋል። ቦታን የሚመለከት ሥዕልም እንዲሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፥ በዚያ ያደጉ ሰዎች የልጅነት በራቸውን ሊያዩ የሚችሉት ቀድሞ በተነሣ ሥዕል ብቻ ሆነ። የዛሬው መደበኛ ነገር ነገ ብርቅ ይሆናል፤ ስለዚህ ቀኑ ይጻፍበት።

በመጨረሻ

በከተማ የተማረውን ዓይን ይዞ ወደ ዋጃ የተመለሰ ሰው፥ የገዛ አገሩን በሌሊት እንዲያይ እንለምነዋለን። የከተማ መብራት ኮከብን ይሸፍናል፤ ጨረቃ በሌለችበት የጥር ሌሊት ግን በራያ ሜዳ ላይ ሰማዩ ሙሉ ነው። ካሜራውን በድንጋይ ላይ አስደግፎ 15 ወይም 20 ሴኮንድ የከፈተው ሰው፥ ከዞብል ተራራ በላይ ያለውን የኮከብ ብዛት ያገኛል። በዚህ ብቻ አይብቃው። በአውድማ ላይ በእሳት ዙሪያ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች፥ በኩራዝ የምታጠናውን ተማሪ፥ ምድጃ አጠገብ ያለችውን እናት ያንሣ። እነዚህንም ሥዕሎች በአዲስ አበባ ላለው ዘመድ ይላክለት። በዓል በመጣ ቍጥር የቈላው ሰው ብቻ የከተማውን ሥዕል የሚናፍቅ አይደለም፤ በከተማ ያለውም የቤቱን ብርሃን ይናፍቃል።

ለሁላችሁም የሰላም መንገድ፥ የጤና በዓል፥ በደኅና ሄዶ በደኅና መመለስን እግዚአብሔር ይስጥልን።